ለደህና ነው ለክፉ?

ንፋስ መውጫ ውስጥ «እንዴት አደርክ?» ብሎ ሰላም የሚለኝ ሰው ካጣሁ ዓመታት አልፈዋል። የእኔ ሰላምታ «ኔትወርኩ ምን ሆነ?» ነው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ፣ ሥጋ ቤት ወረፋ ይዤ ስቆም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ስዘግን ሳይቀር አንዱ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅንብኛል። «እስቲ እያት ጋሼ፣ አንድ መስመር ብቻ ነው የምታሳየኝ።» የይለፍ ቃሉን የረሳው እሱ፣ ተወቃሹ እኔ። ልጁ ካርዱን ቪዲዮ ሲያይ ጨርሶበት ሌባው እኔ። የባጃጅ ሾፌሩ እንኳ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ፣ ያቺን ስልኩ መሐል የምትሽከረከር ክብ እያሳየኝ «ዛሬም ትዞርልሃለች» ይለኛል፤ እኔ የፈተልኳት ይመስል። መብራት ሲጠፋ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የሚፈልገው እኔን ነው። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት የቀሩኝ ሰው ስለሆንኩ ስድቡን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የጀመረው በአንድ ሽታ ነው።

በዚያ ሳምንት እኔ የምጠግነው የኔትወርክ ማማ ከሰኞ ማለዳ ጀምሮ ዝም ብሎ ነበር። መብራት ሲሄድ ያረጁት ባትሪዎች ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሸከሙት ቀሩ። ከደብረ ታቦር አዲስ ባትሪ ተጭኖ እስኪመጣ ቀኑ መሸ፣ ነጋ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኮረብታው ጫፍ ያለችውን የመሣሪያ ቤት የብረት በር ስከፍት፣ ተዘግቶ ያደረው የባትሪ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ኮምጣጣ፣ የዛገ ብረት የሚያስልስ ዓይነት ሽታ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ቢሆኑ አፋቸውን በሹራባቸው ሸፍነው ይሮጡ ነበር። እኔ ግን ቆሜ ሳብኩት። ሽታው አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ዘመን ይዞብኝ መጣ።

አርብ ገበያ ከተማ፣ ስልክ ቤት። አንዲት ክፍል ናት፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ግድግዳዋ እስከ ወገቧ ሰማያዊ የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ኖራ። አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከባንኮኒው ጀርባ የሚዘወረው ስልክ፣ ከሥሩ በእንጨት ሣጥን የተደረደሩ ትልልቅ ባትሪዎች፤ ያ ሽታ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከደሞዜ ቆጥቤ ያሰፋኋት ክሬም ቴትሮን ሸሚዝ ነበረችኝ፤ አንገቷ ሰፊ፣ የወፍ ክንፍ የሚያክል። እሷን ለብሼ፣ ነጭ ሸራ ጫማዬን በጠመኔ አሽቼ፣ ባንኮኒው ላይ ክንዴን ሳሳርፍ የአውራጃው ሹም እኔ ነበርኩ። ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ከፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ሬዲዮኗን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ዘፈን ስትለቅ፣ ባትሪ ድንጋዩ የደከመ ቀን ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስል ድምፁን ይጎትት ነበር። ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም። «ስልከኛው» ነበርኩ። ያኔ ስልከኛው ይከበራል፤ አሁን እንዲህ ልዋረድ።

በዚያ ዘመን ስልክ ማለት ጥሪ ማለት ነው። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ አንድ ሰው «እገሊትን አቅርቡልኝ» ይላል፤ እኛ የጥሪ ወረቀት ጽፈን ወደ ቀበሌዋ ለሚሄድ መንገደኛ እንሰጣለን፤ ሴትዮዋ በተባለው ቀን ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ትመጣለች። ብዙውን ጊዜ ቀኑ አርብ ነው፣ ገበያው ስለሚያመጣት። ለደስታ ስልክ የሚደውል ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ አለቃዬ ጋሽ ዘለቀ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ካኪ ካፖርታቸውን ከበጋ እስከ ክረምት የማያወልቁ፣ ጺማቸው በትምባሆ የወየበ ሰው ነበሩ። መነጋገሪያውን ለተጠሪው ከማቀበላቸው በፊት ደዋዩን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቁታል፦ «ለደህና ነው ለክፉ?» ለደህና ከሆነ ያቀብላሉ። ለክፉ ከሆነ መልእክቱን ራሳቸው ይቀበሉና፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ «መስመሩ ተቋረጠ እመቤቴ፣ ዛሬ ወደ ቤትሽ ግቢ» ይላሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን ቆልፈው ወደ ሴትዮዋ የንስሐ አባት ይሄዳሉ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ተሰብስበው፣ የሚደግፋት እጅ ከግራ ከቀኝ ቆሞ፣ በወጉ ትረዳለች። «መርዶ በሽቦ አይነገርም» ብለውኛል ጋሽ ዘለቀ የመጀመሪያው ቀን። «ሽቦ ሰው ሲወድቅ አይደግፍም።» እኔም እሺ ብያለሁ።

አንድ አርብ ጋሽ ዘለቀ ጎርፍ ያዘመመውን ምሰሶ ለማቃናት ወደ ገደሉ ወርደው ብቻዬን ቀረሁ። መስመሩ ሦስት ቀን ተቋርጦ ገና መመለሱ ነበር፤ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ደጅ ድረስ ቆሟል። ከመሐከላቸው ጥሩወርቅ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ባሏ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ ከወረደ ወራት ሆኖታል። ስመኝ የምትባል ልጇን አዝላለች፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ በእጇ እንቁላል በጭድ ያደላደለችበት ሰፌድ ይዛለች። የእሷ ተራ ሲደርስ ከጎንደር የባሏ ጓደኛ በመስመሩ መጣ። ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚጮኽ ይመስላል። እንደተማርኩት ጠየቅሁት።

«ለደህና ነው ለክፉ?»

«ለክፉ ነው» አለኝ። «ወባ በላው። ቀብረነው ነው የመጣን።»

ሰማሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ግን ከጀርባዬ ወረዳው ጽሕፈት ቤት «የእኛን አገናኝ» ብሎ ሁለቴ ልኮብኛል፣ ወረፋው ያጉረመርማል፣ መስመሩ መቼ እንደሚበጠስ አይታወቅም። «ተቋርጧል» ብላት ነገ ልትመለስ ነው፣ ወደ ቄሱ የምሄደውም እኔው ልሆን ነው፤ በዚህ ጭቃ፣ በነጭ ጫማዬ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የእኔ ሥራ ማገናኘት ነው አልኩ በልቤ። መነጋገሪያውን አቀበልኳት።

አልጮኸችም። «እሺ» አለች። «እሺ… መቼ?» አለች። ከዚያ «የት ቀበራችሁት?» አለች። መነጋገሪያውን እንደ እንቁላሉ ተጠንቅቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ዓይኔን አየችኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት። «እኔ መስመር ነው የማገናኝ።»

ሰፌዷን አንሥታ ወጣች። ጩኸቷ የተሰማኝ ገበያው መሐል ከደረሰች በኋላ ነው። ጨው ሻጩ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ፣ ሻይ ቤቷ ሬዲዮኗን ዘጋች፤ ገበያው በሙሉ ጸጥ አለ። የሚደግፋት አንድ ዘመድ አጠገቧ አልነበረም። ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን ከእሷ ጋር መሬት ላይ እንደወደቀች ሰው ነገረኝ። እኔ ከባንኮኒዬ አልወጣሁም፤ የወረዳውን ጥሪ አገናኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልተለወጠ ነገር የለም። የሚዘወረው ስልክ ሄዶ ቁጥር የሚመታው መጣ፤ ምሰሶዎቹ ተነቅለው አጥር ሆኑ፣ ሽቦ የሚታሰርባቸው ነጫጭ የሸክላ ስኒዎች የልጆች መጫወቻ። አዲስ አበባ ወርጄ ተማርኩ፣ ማማ ስተክል፣ መሬት ለመሬት ፋይበር የሚሉትን የመስታወት ክር ስቀብር አገር ለአገር ዞርኩ፣ በመጨረሻ ንፋስ መውጫ ተመደብኩ። ጥሩወርቅም ከእኔ በፊት መጥታ እዚሁ ከትማለች። የወለደችውን ወንድ ልጅ ምትኩ አለችው፣ በአባቱ ምትክ የመጣ ለማለት። ጠላ ጠምቃ፣ እህል ቸርችራ ሁለቱን አስተማረች። ስመኝ መምህርት ሆና ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ምትኩ አዳማ የከባድ መኪና መካኒክ ሆነ፣ በየዓመቱ ለጥምቀት ይመጣ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ስልክ በእጇ እንደማትነካ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ምትኩ ሲደውል ስመኝ ጆሮዋ ላይ ትይዝላታለች። ሰው «የገጠር ነገር» ብሎ ይስቃል። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ከሩቅ ካየኋት መንገድ እሻገራለሁ፤ በደጃፏ የሚያልፈውን አቋራጭ ትቼ በመናኸሪያው እዞራለሁ። ለጤናዬ መራመድ ታዝዞልኝ ነው እላለሁ ለባለቤቴ።

እና ያን ማክሰኞ፣ አዲሶቹን ባትሪዎች አስሬ ጨርሼ፣ ማብሪያውን ወደ ላይ መግፋት ብቻ ሲቀረኝ፣ ደጅ ላይ ሳል ሰማሁ። አባ ፈንታሁን ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ያን ኮረብታ በከዘራ ወጥተውት ላባቸው በቆባቸው ሥር ይወርዳል።

«ይፍቱኝ አባ። ምነው በደህና?»

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። ይቺ ነገር ተከፈተች?»

እሳቸውም ለኔትወርክ የመጡ መስሎኝ ሳቄ መጣ። «አሁን ልከፍታት ነው አባ። ሞልታ ነው የምትሠራልዎ።»

«አትክፈታት» አሉኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የጥሩወርቅ ልጅ አርፏል። ምትኩ። ትናንት መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ክሪኩ ሸሸበት። ጓደኛው ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ደርሶ እኔ ዘንድ መጣ። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ረፋድ ይገባል። ጎህ ሲቀድ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ይህ ነገር ዝም ይበል።»

በሩን ያዝኩ።

«ስመኝ ናት የምታስፈራኝ» አሉ። «ጓደኞቹ ፎቶውን ከሻማ ጋር አድርገው በየስልኩ ለጥፈውታል አሉ። ርእሰ መምህሩን በጆሮው ነግሬዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ማንም ትንፍሽ አይልባትም። ግን ስልኳን ‹ኔትወርክ ከሌለ ምን ትሠራልኛለች› ብላ ቤት ጥላት ነው የሄደችው። ዐሥር ሰዓት ገብታ ብታነሣትስ? እናቷ ፊት?»

«ሥራ ነው አባ፣ ትእዛዝ አለብኝ» አልኩ፣ አፌ ብቻውን።

«የአንድ ሌሊት ነገር ነው። ባትሪው አልደረሰም በል፤ እኔ እፈታሃለሁ።»

ጋሽ ዘለቀ ካፖርታቸውን ቆልፈው ከመቃብር የመጡብኝ መሰለኝ። «እሺ አባ» አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ያን አርብ ያላልኳትን «ተቋርጧል» አሁን በማማ ሙሉ ልላት ነው። አለቆቼም ለምን ብለው አይደውሉልኝም፤ የሚደውሉበት ኔትወርክ የለም። አባ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ማብሪያውን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ራሱ ተነሥቶ የሚበራ ይመስል ዓይኔን ከላዩ አላነሣሁም።

ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ ሲስተር እናኑ እየሮጠች መጣች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት፤ ነጭ ጋዎኗ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ባጃጁ ዳገቱን አልወጣ ብሎ ከግማሽ ጀምራ በእግሯ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ በእናትህ! አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ደብረ ታቦር ካልደረሰች አትተርፍም። አምቡላንሱ ጠዋት ገጠር ወጥቶ የት እንዳለ አናውቅም። ሾፌሩን ማግኘት አለብኝ። ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብኝ! አንዲት ጣት ነው። ስመኝ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የሲስተር እናኑን ፊት አየሁ፣ ማብሪያውን አየሁ። ገፋሁት።

መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ዓይናቸውን ገለጡ። ደቂቃዎች ቆይቶ የሲስተር እናኑ ኪስ ተንጫጫ፤ ደወለች፣ «ሃሎ! የት ነህ አንተ?» ስትል ሰማሁ። እኔ በሩን ቆልፌ ቁልቁለቱን ጀምሬዋለሁ። ከሥሬ ከተማው መልእክቱን ሲቀበል የሚሰማ መሰለኝ። ታች ያገኘሁት ባጃጅ ሾፌር «ጋሼ መጣች! ኑርልኝ!» ብሎ አቀፈኝ። «ንዳ» አልኩት። «ንዳው ዝም ብለህ።» ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ከስመኝ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ስልኳን እንዳስተካክልላት ነግራኛለች እላለሁ፣ ይዤ እወጣለሁ። ሰው ሁሉ ስልክ ይሰጠኝ የለ? አንድ ቀን እንኳ ይህ መከራዬ ይጥቀመኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፀጉሯ ነጥቷል፣ ፊቷ ግን ያው የድሮው ነው። ከኋላዋ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ የስመኝ ስልክ እየጮኸ ነው። ይጮኻል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጮኻል።

«ጌታነህ ነህ?» አለች። «ስመኝ የለችም።»

«አውቃለሁ እትዬ። ስልኳን… እንዳስተካክልላት ነግራኝ ነበር። ልውሰዳት ብዬ።»

እጇ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ላቤን አየችው፣ ጭቃ የነካ ጫማዬን አየችው። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማማውን ስጠብቅ ውዬ፣ ስልኩን ለማዳን ሮጬ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ደጇን ረግጬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ የዛሬው መምጣቴ ራሱ መርዶ ነው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ለደህና ነው ለክፉ?» አለችኝ።

ያን አርብ ባንኮኒው ፊት ቆማ፣ ያችን ጥያቄ ደዋዩን ስጠይቅ ሰምታኛለች ማለት ነው። ጥያቄዬን ሰምታ፣ መልሱን ከፊቴ ስትጠብቅ፣ መነጋገሪያውን አቀብያታለሁ። ምላሴ ላይ የጋሽ ዘለቀ ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስልኩ እየጮኸ ግን መስመሩ ተቋርጧል አይባልም።

«ለክፉ ነው እትዬ።»

«ምትኩ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንሥታ በዝግታ መሬት አስቀመጠችው። ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ ነበሩ።

«የት ነው ያለው?»

«መንገድ ላይ ነው። ነገ ረፋድ ይገባል።»

«እዚሁ ይቀበራል?»

«እዚሁ።»

«ተመስገን» አለች። «አባቱን አላገኘሁትም።» ከዚያ፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ «ያኔስ? ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «ልጅ ነው ብዬ ተውኩህ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ይምጡ» አለች። «እነአባ በወጉ ይንገሩኝ። ነግሬያታለሁ እንዳትል። ስመኝ አሁን ትመጣለች፤ ተነሥና ያቺን ስልክ ይዘህልኝ ውጣ። ተበላሽታለች እላታለሁ።» ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ። ስወጣ ምስሯን መልሳ ይዛ ነበር።

ማምሻውን ሲስተር እናኑ ደውላ ወላዷ ደብረ ታቦር በሕይወት እንደገባች ነገረችኝ። «እሰይ» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጎህ ሲቀድ ጋቢያችንን ተከናንበን ደጇ ላይ ቆምን። አባ ፈንታሁን ፊት፣ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ተከትለው፣ እኔ ከኋላ። በሩን ራሷ ከፈተች፤ ስመኝ ዓይኗን እያሸች ከጀርባዋ መጣች። አባ የሚባለውን አሉ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ ጮኸች። ያንን ጩኸት አውቀዋለሁ፣ ገበያ ያስቆመው ነው። ስመኝ ስትወድቅ ግን አሁን ስድስት እጅ ተቀበላት።

ሴቶቹ እናትየዋን ሊደግፉ ሲሻሙ እሷ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና ጆሮዬ ሥር አለችኝ፦

«ስመኝን ማታ እራቷን አብልቼ ነው ያስተኛኋት።»